ማንም ያልጻፈላት ቃል

ጌጣጌጥ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ጠባብ ደረጃ፣ ትንሽ ክፍል፣ ከጠረጴዛው ጀርባ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ። ነጋዴው ቀለበቱን ያወጣል። ስድስት ካራት የሚመዝን ሮዝ አልማዝ ነው። ሴቲቱ ጣቷ ላይ ታጠልቀዋለች። እንዲህ ያለ ውድ ነገር አድርጌ መንገድ ላይ መሄድ ይከብደኛል ብላ ልታወልቀው ስትል ሰውየው ይከለክላታል። «ከእኔ ጋር ነሽ» ይላታል። ዓይኑ ቀለበቱ ላይ አይደለም፤ እሷ ላይ ነው። ውጪ መንገድ ላይ ሰዎች መሣሪያ ደብቀው እየጠበቁት ነው። እዚህ ድረስ ያመጣችው እሷ ናት። ዓመታት የተለፋው ለዚህች ደቂቃ ነው። ቀና ብላ ታየዋለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሂድ፣ ቶሎ ሂድ» ትለዋለች።

ለአፍታ ግር ይለዋል። ሲገባው ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ደረጃውን እየዘለለ ይወርድና መኪናው ውስጥ ይወረወራል።

በዚያው ምሽት እሷም አምስቱ ጓደኞቿም ይረሸናሉ። የሞት ትእዛዙ ላይ የፈረመው እሱ ነው።

መጨረሻውን ስለዘረገፍኩት አትቀየሙኝ። ይሄ ፊልም መጨረሻው ታውቆም የሚታይ ነው። እንደውም እኔ ፊልሙን የወደድኩት «ሂድ» እንደምትለው አውቄ ሁለተኛ ሳየው ነው። የመጀመሪያው ላይ «ይገድሉት ይሆን?» እያልኩ ጥፍሬን ስበላ ብዙ ነገር አምልጦኛል።

ፊልሙ «ለስት፣ ኮሽን» ይባላል። የታይዋኑ ዳይሬክተር አንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2007 የሠራው ነው። በዚያው ዓመት የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ ወስዷል። እኔ ጋ የደረሰው ግን በሽልማቱ ዝና አይደለም። ፍላሹን የሰጠኝ የሥራ ባልደረባዬ «ብቻሽን እዪው» ብሎ ሳቀብኝ። አሜሪካ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው የማይፈቀድ ተብሎ ነው የወጣው። ስሙ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚያወራው ስለ መኝታ ቤቱ ትዕይንቶች ነው። ስለ እነሱም አወራለሁ፣ ግን ቆይታችሁ ጠብቁኝ።

መጀመሪያ ታሪኩ የቆመበትን መሬት ልንገራችሁ። ሻንጋይ በ1937 መጨረሻ በጃፓን ጦር እጅ ወደቀች። በ1940 ዋንግ ጂንግዌይ የሚባል አንጋፋ የቻይና ፖለቲከኛ ከጃፓን ጋር አብሮ ናንጂንግ ላይ መንግሥት አቋቋመ። በእኛ አማርኛ ባጭሩ ባንዳ ሆነ። በፊልሙ ውስጥ ያለው ሚስተር ዪ የዚህ መንግሥት የደህንነት ሹም ነው። የሚሠራው አገሩን የሚወዱ ሰዎችን አሳድዶ ማሰርና ማሰቃየት ነው። የሚጫወተው ቶኒ ሊዩንግ ነው። ሴቲቱ ዎንግ ቺያ ቺ ትባላለች፤ ያን ጊዜ በፊልም ጨርሶ የማትታወቀው ታንግ ዌይ ናት የምትጫወታት።

ታሪኩ ሲጀምር ዎንግ ጦርነት ሸሽታ ሆንግ ኮንግ የገባች ተማሪ ናት። ዓመቱ 1938 ነው። እናቷ የለችም። አባቷ ወንድሟን ይዞ እንግሊዝ ሄዷል፤ እሷን «በኋላ እወስድሻለሁ» ብሎ ትቷታል። እዚያው እንግሊዝ ሌላ ሚስት ሲያገባ የእንኳን ደስ ያለህ ደብዳቤ ጽፋለታለች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኩዋንግ የሚባል መልከ መልካም ልጅ አለ። ወንድሙ በጦርነቱ ሞቶበታል። ለአገር ገንዘብ የሚሰበሰብበት ቴአትር ያዘጋጅና እሷን መሪ ተዋናይ ያደርጋታል። መድረክ ላይ ወጥታ አልቅሳ አገሬ አትጠፋም ስትል አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ አብሯት ይጮኻል። ያን ማታ ፊቷን ብታዩት! የተወደደ ሰው ፊት ነው። ምናልባት በሕይወቷ የመጀመሪያው።

እዚህ ጋ አንዲት ትንሽ ትዕይንት አለች። ዎንግ ባዶው መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማ የቴአትሩን ዕቃ ትነካካለች። ከላይ ከሰገነቱ ጓደኞቿ ይጠሯታል። «ነይ፣ ውጪ እዚህ!» ይሏታል። ዞር ትላለች። ትወጣለች። እዚያ ላይ ነው ሚስተር ዪን እንግደለው የሚለው ሐሳብ የተነሳው። ሁሉም እጃቸውን ያነባብራሉ። እሷም ትጨምራለች። አስባበታለች ወይ? አይመስለኝም። ጠሯት፣ ሄደች።

ዕቅዱ የልጆች ዕቅድ ነው። እሷ የሀብታም ነጋዴ ሚስት መስላ፣ «ሚስስ ማክ» ተብላ፣ ከሚስተር ዪ ሚስት ጋር ትወዳጃለች፤ በሚስቲቱ በኩል ባልየውን ታጠምዳለች። መኪና ይከራያሉ፣ ቤት ይከራያሉ፣ ልብስ ይሰፋላታል። ሲያዩት ጨዋታ ነው። እየሳቁ ነው የሚሠሩት።

ከዚያ አንድ ችግር ይመጣል። ሚስስ ማክ ያገባች ሴት ናት። ዎንግ ደግሞ ወንድ አታውቅም። ሚስተር ዪን የሚያክል ብልጥ ሰው አልጋ ላይ ካወቀባት ሁሉም ነገር አለቀ። ስለዚህ አንድ ሰው «ሊያሠለጥናት» ይገባል። ከወንዶቹ መሀል ልምድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ልምዱን ያገኘው ከሴተኛ አዳሪዎች ነው። ይሄን ሁሉ ተመካክረው የጨረሱት እሷ ሳትኖር ነው። ሴት ጓደኛዋ ናት መጥታ የምትነግራት። ዎንግም «ለካ ተነጋግራችሁበታል» ትላለች። በቃ። አትጮኽም፣ አታለቅስም። ኩዋንግ፣ የምትወደው ልጅ፣ ዓይኗን ማየት ያቅተዋል። ግን ዝም ይላል። «ይቅር፣ ሌላ መላ እንፈልግ» አይልም።

ያ ይሆናል። ብዙም ሳይቆይ ሚስተር ዪ ሹመት አግኝቶ ወደ ሻንጋይ ይሄዳል። ስልክ ተደውሎ ይነገራታል። በቃ፣ እንዲሁ ሄደ። የከፈለችው ሁሉ መና ቀረ። ያን ሰሞን ጓደኞቿ እንደ በሽተኛ ይሸሿታል፤ ፊቷን ማየት ይከብዳቸዋል።

ቤቱን ለመልቀቅ ዕቃ እየሸከፉ ሳለ ምስጢራቸውን ያወቀ አንድ ሰው ይመጣባቸዋል። ገንዘብ ይፈልጋል። ይገድሉታል። ይሄን የግድያ ትዕይንት እስካሁን አልረሳሁትም። የፊልም ግድያ አይመስልም። ቢላዋው አይገባላቸውም። ሰውየው አይሞትም። ተራ በተራ ይወጉታል፣ አሁንም ይነሳል። እያለቀሱ የሚገድሉ ልጆች ናቸው። ዎንግ ውጪ ሆና ታያለች። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ሮጣ ትጠፋለች። እኔ ብሆንም እሮጥ ነበር።

ሦስት ዓመት ያልፋል። ዎንግ ሻንጋይ አክስቷ ቤት ናት። ከተማዋ ተራብታለች፤ ለሩዝ ሰልፍ ነው፣ ሬሳ ከመንገድ ይለቀማል። ኩዋንግ ፈልጎ ያገኛታል። አሁን ቀልድ የለም። ከቾንግቺንግ፣ ጃፓንን ከሚወጋው የቻይና መንግሥት ዋና ከተማ፣ የሚታዘዝ የስለላ መረብ ውስጥ ገብቷል። አለቃቸው ዉ የሚባል ጎልማሳ ነው። ዉ ሥራው ሲያልቅ እንግሊዝ አባትሽ ጋ እልክሻለሁ ይላታል። እሷም ለአባቷ ደብዳቤ ጽፋ ትሰጠዋለች፣ እንዲልክላት። ዉ ፊቷ ላይ ደብዳቤውን ይቀበላል። እሷ ስትወጣ ያቃጥለዋል።

ለመረቡ ደህንነት ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ግን ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ አልጋው። ሚስተር ዪ ከዎንግ ጋር የተገናኘበት የመጀመሪያው ቀን ፍቅር አይደለም። ጥቃት ነው። ግድግዳ ላይ ያጋጫታል፣ በቀበቶ ይገርፋታል፣ እጇን ያስራታል። ሰውየው ቀን የሚሠራውን ማታ ይዞት መጣ ማለት ነው። አንግ ሊ ይሄን አላለሳለሰውም፤ ሙዚቃ ደርቦ አላስዋበውም። ይሄን ፊልም «የፍቅር ፊልም» ብቻ ብሎ የሚያልፈው ሰው ያቺን ሌሊት እንዴት እንዳየ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ትዕይንቶቹ ይለወጣሉ። ማን ማንን እንደያዘ መለየት ይከብዳል። እሱ ዓይኗን ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ትዋሻለች፣ ከዚያ የምትዋሸው እየጠፋባት ይሄዳል። ንግግር የለም። ንግግር የሌለው ደግሞ ሆን ተብሎ ነው፤ ሁለቱም በአፋቸው እውነት መናገር የማይችሉ ሰዎች ናቸው። ቻይና ውስጥ ፊልሙ ሲታይ ሰባት ደቂቃ ገደማ ተቆርጦ ነው የወጣው። ያ ሲቆረጥ የሚቀረው ታሪክ ምኑ እንደሚገባ እንጃ። ሴቲቱ ለምን «ሂድ» እንዳለችው የሚነግራችሁ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ቀን ዉን እና ኩዋንግን ስታገኝ ትፈነዳለች። ሰውየው በሰውነቴ ብቻ አይደለም የሚገባው፣ እንደ እባብ ልቤ ውስጥ እየገባ ነው ትላለች። እኔም የሱ ልብ ውስጥ ለመግባት ታማኝ ሆኜ ነው የምጫወተው፣ ቶሎ ካልገደላችሁት የምጠፋው እኔ ነኝ ትላቸዋለች። በዝርዝር ነው የምትናገረው፤ አታፍርም። ዉ መስማት ያቅተዋል። «በቃ!» ብሎ ጮኾባት ይወጣል። ይሄ ሰው እኮ ነው ወደዚያ አልጋ የላካት። መላኩ ቀሎት መስማቱ ከበደው።

ሌላ ቀን ኩዋንግ ይስማታል። ደንግጣ አታባርረውም። ግን አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ ከሦስት ዓመት በፊት ትችል ነበር፣ ያኔ ለምን አላደረግከውም? መልስ የለውም። እኔም የለኝም።

ከፊልሙ ሁሉ የምወደው ትዕይንት የጃፓኖች መጠጥ ቤት ውስጥ ያለው ነው። ሚስተር ዪ እዚያ ያስጠራታል። በሩን ከፍታ ስትገባ በየክፍሉ የሰከሩ መኮንኖች አሉ። ከወለሉ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ለምን እዚህ እንዳመጣኸኝ አውቃለሁ፣ ሴተኛ አዳሪህ እንድሆን ነው ትለዋለች። እሱ ደግሞ ሴተኛ አዳሪ መሆንን እኔ ከአንቺ በተሻለ አውቀዋለሁ ይላታል። ምን ማለቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። ጃፓኖቹ እየተሸነፉ እንደሆነ ያውቃል፤ የተሸጠበት ጌታ እንደሚወድቅ ያውቃል። ዎንግ ትነሳና ትዘፍንለታለች። በ1937 ከወጣ የሻንጋይ ፊልም የተወሰደ የታወቀ ዘፈን ነው። ሁለት ከአገር የተነቀሉ ሰዎች ስለሚፈላለጉበት። ድምጿ የባለሙያ ድምጽ አይደለም። እጇን ታወዛውዛለች፣ ዓይኗን ትሰብራለች፣ ፈገግ ትላለች። ሰላይ ትሁን አፍቃሪ መለየት አትችሉም፤ እሷም የምትለይ አይመስለኝም። የሚያሰቃየው ሰውዬ ያለቅሳል። መጠጥ ትቀዳለታለች።

ይሄን ሳይ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ዎንግ ሙሉ ሕይወቷን ሌላ ሰው የጻፈላትን ስትናገር ኖራለች። መድረክ ላይ የኩዋንግን ቴአትር። ሆንግ ኮንግ ላይ የሚስስ ማክን ወግ። ሻንጋይ ላይ የዉን ትእዛዝ፤ ዉ የሚነግራትን በቃሏ ታጠናለች፣ ደግማ ታነበንብለታለች። ጌጣጌጥ ቤቱ ውስጥ የተናገረችው ቃል ግን ማንም አልጻፈላትም። የዚያች ሴት የራሷ የሆነ ብቸኛ ቃል «ሂድ» ነው።

ለእኔ ፊልሙ ስለዚህ ነው። ሰው ሲያወራው «በፍቅርና በአገር መሀል የተቀረቀረች ሴት» ይላል። እኔ እንደዚያ አይታየኝም። በሁለት ነገሮች መሀል ለመቀርቀር ሁለቱም ሊኖሩሽ ይገባል። አገር የተባለው ለሷ አምስት ተማሪና አንድ ደብዳቤ የሚያቃጥል አለቃ ነው። ፍቅር የተባለው ደግሞ ሰው የሚገርፍ ባንዳ ነው። ከሁለቱም ወገን በዓይኗ ውስጥ ያያት ሰው አንድ እሱ ብቻ ሆነ። አስቀያሚው ነገር እሱ መሆኑ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ይሄን ስነግረው ጣሪያ ነካ። አብረን ነው ሁለተኛውን ጊዜ ያየነው።

«ባንዳ እኮ ነው! ባንዳ ነው ያስመለጠችው!» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አምስት ልጆች ተንበርክከው ነው የሞቱት። ለቀለበት ብላ!»

«ለቀለበት አይደለም።»

«እና ለምንድነው? ስሚ፣ ሸዋረገድ ገድሌን ጣሊያን አሠቃይቷታል። ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ወስደው አስረዋታል። አልከዳችም።»

እውነቱን ነው። የውስጥ አርበኞችን ታሪክ ሰምቶ ላደገ ሰው ይቺን ልጅ ይቅር ማለት ይከብዳል። ግን ሸዋረገድ በራሷ ሀብት፣ በራሷ ውሳኔ ትግል ውስጥ የገባች ትልቅ ሴት ናት። የምትሠራውን ታውቃለች። አርበኞቹ ያከብሯታል። ዎንግ ላይ የተወሰነው ግን እሷ በሌለችበት ክፍል ውስጥ ነው። ይሄን ስለው ወንድሜ «ይሄ ሰበብ ነው» አለኝ። ሰበብ አይደለም። ግን ልክ ነው ማለቴም አይደለም። ልጆቹ ማታ ካባ በሚፈነቀልበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሲንበረከኩ ኩዋንግ ዞር ብሎ ያያታል። ስድብ የለም፣ ቁጣ የለም፣ ያያታል። ያንን አይታችሁ «ደግ አደረገች» ማለት አትችሉም። አንግ ሊ እንድትሉም አይፈልግም።

ስለ ቀለበቱ ግን ወንድሜ ተሳስቷል። ፊልሙ የሚጀምረው በቀለበት ነው። የሹማምንት ሚስቶች ማህጆንግ እየተጫወቱ ነው። ካሜራው እጃቸው ላይ ነው፤ ጠጠሮቹ ይንኳኳሉ፣ አልማዞቹ ያብረቀርቃሉ። የገበያ ወሬ ነው፣ የኮንትሮባንድ ዕቃ ወሬ ነው። የሚስተር ዪ ሚስት፣ ጆአን ቼን ናት የምትጫወታት፣ ባሏ አልማዝ አልገዛልኝ አለ ብላ ታማርራለች። ከተማው በረሃብ እያለቀ ይሄ ነው ጭንቃቸው። ዎንግ ከእነዚህ ሴቶች ጋር ስትውል የእሷ ጣት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። አልማዝ ብትፈልግ ኖሮ ገና ድሮ ትጠይቀው ነበር። ጌጣጌጥ ቤት የሄደችውም መጀመሪያ በእሱ ትእዛዝ የታሸገ ፖስታ ይዛ ነው። የስለላ ሰነድ መስሏቸው ለዉ ሰዎች ሰጠቻቸው፤ ከፍተው ሲያዩት ያለው የሰውየው ካርድ ብቻ ነው። ስጦታ ነበር። የምትጠረጥረው ነገር ሁሉ ሌላ ትርጉም ሲኖረው ለኖረ ሰው፣ ስጦታ ብቻ የሆነ ስጦታ ያደናግራል።

የፊልሙ መነሻ አጭር ልቦለድ ነው። የጻፈችው በ1920 ሻንጋይ የተወለደችው አይሊን ቻንግ ናት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ እየጣለች እያነሳች ስትጽፈው ቆይታ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው ያሳተመችው። ጥቂት ገጽ ለሆነ ታሪክ ያ ሁሉ ዘመን! ቻንግ ራሷ በወጣትነቷ የዋንግ ጂንግዌይ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ሰው የነበረውን ሁ ላንቼንግን አግብታለች። በ1944 ነው። ሰውየው ሌሎች ሴቶችም ነበሩት። ጦርነቱ አልቆ ሲሸሽም ገንዘብ ትልክለት ነበር። በ1947 ተለያዩ። ይሄን ሳውቅ የታሪኩ ቅዝቃዜ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ያቺ ሴት ባንዳ ማፍቀር ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አይደለም ያነበበችው። ታሪኩ ሲወጣ አንድ ሐያሲ ለከሃዲ ታዝናለች ብሎ ወቀሳት። ለትችት እምብዛም የማትመልሰው ቻንግ ለዚህኛው መልስ ጽፋለች።

ከጀርባውም እውነተኛ ነገር አለ ይባላል። በ1939 ታኅሣሥ (በአውሮፓውያኑ ዲሴምበር) ጄንግ ፒንግሩ የምትባል ወጣት ሰላይ የባንዳውን ወገን የደህንነት ሹም ዲንግ ሞሱንን ሻንጋይ ውስጥ አንድ የፀጉር ካፖርት መሸጫ ይዛው ገባች። ገዳዮች ውጪ ይጠብቁ ነበር። ዲንግ ግን በመስኮት ጠረጠረ፤ ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ሮጦ ጥይት በማይበሳው መኪናው አመለጠ። ጄንግ በ1940 መጀመሪያ ተረሸነች። እሷ «ሂድ» አላለችም። ፊልሙ ሲወጣ ቤተሰቦቿ ተቆጥተው ነበር፤ አልፈርድባቸውም። አርበኛ ልጃችሁን ሰው ከዎንግ ጋር ሲያምታታባችሁ ብታዩ እናንተስ? ዲንግ ሞሱን ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947፣ በአገር ክህደት ተፈርዶበት ተገድሏል።

ልቦለዱና ፊልሙ የሚለያዩበት አንድ ትልቅ ቦታ አለ፤ እዚህ ጋ እኔ ከደራሲዋ ጎን ነኝ። በልቦለዱ መጨረሻ ሚስተር ዪ አስገድሏት ወደ ማህጆንግ ጠረጴዛው ይመለሳል። ሴቶቹ እራት ጋብዘን እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ በሆዱ ይኮራል። ቆንጆ ሴት ወደደችኝ፣ አሁን ሞታለችና ለዘላለም የእኔ ናት ብሎ ያስባል። ደም ያስበርዳል። በፊልሙ ግን ቶኒ ሊዩንግ ባዶ አልጋዋ ላይ ተቀምጦ ዓይኑ እንባ ያቀራል። የዚያን ሰው ዓይን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማንንም ያሳዝናል። ቀደም ሲል ጸሐፊው ቀለበቱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥለት «የእኔ አይደለም» ይላል። ውብ ነው፣ አልክድም። ግን አንግ ሊ ሰውየውን ትንሽ ወደደው። ስድስት ልጅ አስረሽኖ የሚያለቅስ ሰው ካላለቀሰው በምን እንደሚሻል አላውቅም።

ከፊልሙ ውጪ የሆነውን ደግሞ ስሙ። በማርች 2008 ታንግ ዌይ ከቻይና መገናኛ ብዙኃን ታገደች። ማስታወቂያዎቿ ከቴሌቪዥን ወረዱ፤ በስሟ ማውራት ቀረ። አልጋው ላይ ሁለት ሰው ነበር። ቶኒ ሊዩንግ አልታገደም። ዳይሬክተሩም አልታገደም። የታገደችው ገና አንድ ፊልም የሠራችው ልጅ ናት። በፊልሙ ውስጥ ጓደኞቿ ያደረጓትን ውጪ ያለው ዓለም ደገመባት። ልጅቷ ግን አልጠፋችም፤ ቆይታ ተመልሳለች። በ2022 በኮሪያዊው ፓርክ ቻን ዉክ ፊልም ላይ አንድ መርማሪ ፖሊስ የሚጠረጥራትና የሚያፈቅራት ሴት ሆና ስታዩአት ያ ፊት ምን ያህል እንደበሰለ ይገባችኋል።

የጦርነት ጊዜ ስለላና ፍቅርን የሚያቀላቅሉ የድሮ የሆሊውድ ፊልሞችን ብዙ አይቻለሁ። በ1946 ሂችኮክ የሠራው «ኖቶሪየስ» ለምሳሌ። ኢንግሪድ በርግማን የናዚ ሰው እንድታገባ ትላካለች፤ የላካት ሰው ደግሞ የሚወዳት ኬሪ ግራንት ነው። ያኛውም ዝም ብሎ ያያል። እንደ ኩዋንግ። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ መጥቶ ከመርዘኛው ቤት ደግፎ ያወጣታል። ሆሊውድ ነዋ። አንግ ሊ ይሄን ያውቃል፤ ዎንግን ሲኒማ ቤት አስቀምጦ የኢንግሪድ በርግማንን ፊልም እያየች እንድታለቅስ ያደርጋታል። ዎንግ ፍቅር ምን እንደሚመስል የተማረችው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ከጌጣጌጥ ቤቱ ወጥታ መንገድ ላይ ስትቆም ግን ደግፎ የሚያወጣት ሰው አይመጣም። ሪክሾ ትሳፈራለች። ባለ ሪክሾው ወደ ቤት ነው ወይ ይላታል። መንገዱ ይዘጋል፣ ወታደሮች ገመድ ይስባሉ። ኮሌታዋ ውስጥ የተሰፋ የመርዝ ክኒን አላት። ነክታ ትተዋለች። ያኔ የሚታወሳት ያ ባዶ መድረክ ነው፤ «ነይ፣ ውጪ እዚህ» የሚላት ድምጽ።

በልቦለዱ ውስጥ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ያመለጠ አለ። የቾንግቺንጉ ሰው ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ ፊልም እያየ ነበር፤ ግማሽ ላይ ወጣ፣ ግድያው ሲከሽፍ ተመልሶ ገባ፣ አካባቢው ታጥሮ ሲፈተሽ የቲኬቱን ቁራጭ አሳይቶ ሹልክ አለ። ተማሪዎቹ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ሞተዋል። ይሄን ለወንድሜ ነገርኩት። ስለዚያ ሰውዬ፣ ደብዳቤ ስለሚያቃጥለው አለቃቸውስ ምን ትላለህ አልኩት።

«እሱማ ሥራውን ነው የሠራው» አለኝ።